ከቀላል የአንጎል ጉዳት በኋላ የሚከሰት የእይታ ችግር

ከቀላል የአንጎል ጉዳት በኋላ የሚከሰት የእይታ ችግር በትራፊክ አደጋ፣ በመውደቅ ወይም በድብደባ ጭንቅላት ሲመታ የሚከተል እክል ነው። ምልክቶቹ ብዥታ፣ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ማየት፣ ብርሃን መቋቋም አለመቻልና ሲያነቡ መስመር መሳት ናቸው።

በአብዛኛው የሚታወከው ዓይን ራሱ ሳይሆን አንጎል ሁለቱን ዓይኖች የሚያቀናጅበት ሥርዓት ነው። ስለዚህ ታማሚው የርቀት ፊደል ሰሌዳውን በትክክል አንብቦ (6/6)፣ የሲቲ ስካን ውጤቱም ጤናማ ሆኖ፣ መጽሐፍ ለማንበብ ሊቸገር ይችላል። ሐኪሙ ሁለቱ ዓይኖች ወደ አፍንጫ የሚቀርብን እስክሪብቶ አብረው መከተላቸውን ይመረምራል።

አብዛኛው ሰው በሳምንታት ውስጥ ይሻለዋል። ተደጋጋሚ ትውከት፣ የሚብስ ራስ ምታት፣ መፍዘዝ ወይም የሁለቱ ብሌኖች መጠን መለያየት ግን የአንጎል ውስጥ መድማት ምልክት ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ይገኛል።