ለለቅሶ ያልመጣችው ልጅ

የብር ኢዮቤልዩአችንን ምክንያት በማድረግ በሚታተመው በዚህ መጽሔት ላይ ስለ እድራችን፣ ስለ ልጆቻችን የአማርኛ ትምህርትና ስለ በዓላቶቻችን ሌሎች ወንድሞችና እህቶች ጽፈዋል። እኔ ደግሞ እዚህ ናይሮቢ በየቤታችን ብዙ ቅሬታ ያስከተለ፣ ነገር ግን ታሪኩ በደንብ ተነግሮ የማያውቅ አንድ ጉዳይ ላወጋችሁ እወዳለሁ። ይኸውም በጋብቻ ወደ አሜሪካ ሄደው የመኖሪያ ፈቃዳቸውን በሚጠባበቁበት ጊዜ ከአገር መውጣት ስለማይችሉ ልጆቻችን ነው። ዓመቶቹን በሙሉ የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ እገልጻለሁ።

ነገሩን ከአንድ ለቅሶ ልጀምር። በ2009 ከአንጋፋ አባሎቻችን አንዱ የነበሩ አባት አረፉ። ሴት ልጃቸው በእጮኛ ቪዛ አሜሪካ ከገባች ገና አምስት ወሯ ነበር። እዚያው ተጋብታ፣ ማመልከቻዋን አስገብታ፣ አሻራ ሰጥታ መልስ ትጠብቃለች። ድንኳን ተተከለ፣ ዘመድ ከአዲስ አበባ በሞያሌ በኩል በመኪና ሳይቀር ደረሰ። ልጅቷ ግን አልመጣችም። በሠልስቱ ማታ «አሜሪካ ስትገባ አባቷን ረሳች» የሚል ቃል ከአንድ ጥግ ተነሣ። እናቲቱ ሰምተው አንገታቸውን ደፉ። ያንን ቃል ከተናገሩት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ ይሏል ይህ ነው።

ከአንድ ዓመት በኋላ ልጅቷ ግሪን ካርዷን ይዛ መጣች። ሻንጣዋን እንኳ ቤት ሳታስገባ ወደ ላንጋታ መቃብር ውሰዱኝ አለች። ከመቃብሩ ስንመለስ በመኪና ውስጥ እንዲህ አለችኝ፦ «ጋሼ፣ ብወጣ ኖሮ ማመልከቻዬ ይሰረዝ ነበር፤ ወደ ባለቤቴም መመለሻ አልነበረኝም። የመውጫ ፈቃዱ የደረሰኝ አባባ ካረፉ ከሁለት ወር በኋላ ነው።» እኔም ከዚያን ቀን ጀምሮ የዚህን ሕግ ታሪክ ማጠያየቅና ማንበብ ጀመርኩ።

ቀድሞ «ውጣ» ይባል ነበር

የአሜሪካ መንግሥት በ1924 ባወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ለየአገሩ የዓመት ኮታ መደበ። ለኢትዮጵያ የተመደበው 100 ሰው ነበር። የአሜሪካ ዜጎች ሚስቶች ግን ከኮታው ውጭ ሆነው እንዲገቡ ተፈቅዶ ነበር። ባሎች በዚህ ረገድ ከሚስቶች ጋር ሙሉ በሙሉ የተስተካከሉት በ1952 ሕግ ነው።

የሚገርመው ግን የሚከተለው ነው። በዚያ ዘመን በጎብኚነት ወይም በሌላ ጊዜያዊ ፈቃድ አሜሪካ ውስጥ ያለ ሰው ቋሚ ነዋሪ መሆን ቢፈልግ እዚያው ሆኖ ማግኘት አይችልም ነበር። ከአገር ወጥቶ በውጭ ካለ ቆንስላ የስደተኛ ቪዛ አስመትቶ እንደገና መግባት ነበረበት። ይህ ብዙ ቤተሰብ ስለለያየ ከ1935 ጀምሮ አንድ ዘዴ ተዘረጋ፤ ሰውየው በቅድሚያ እዚያው አሜሪካ ውስጥ ይመረመርና ወደ ጎረቤት ካናዳ ተሻግሮ፣ ከአሜሪካ ቆንስላ ቪዛውን ተቀብሎ ይመለሳል። እንግዲህ በዚያን ጊዜ ወረቀት ለማግኘት መውጣት ግዴታ ነበር ማለት ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ወታደሮች በዘመቱበት አገር ያገቧቸውን ሚስቶች ይዘው እንዲገቡ በታኅሣሥ 1945 ልዩ ሕግ ወጣ። በ1946 ደግሞ ለእጮኞቻቸው ተጨመረ። በእነዚህ ሕጎች ከ100,000 በላይ ሰዎች ገብተዋል። እነዚህ ሕጎች ግን ለጊዜው የወጡ ነበሩ።

ከዚያ «አትውጣ» መጣ

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1952 ነው። የዚያ ዓመት ሕግ 245ኛ ክፍል በሕጋዊ መንገድ የገባ ሰው ከአገር ሳይወጣ ወደ ቋሚ ነዋሪነት እንዲለወጥ ፈቀደ። ይህ ታላቅ እፎይታ ነበር። ነገር ግን እፎይታው ራሱ አዲስ እስር ይዞ መጣ። ማመልከቻው «እዚህ አለሁና እዚሁ አጽድቁልኝ» የሚል ጥያቄ ስለሆነ፣ አመልካቹ መልስ ሳያገኝ ከወጣ ጥያቄውን እንደተወው ይቆጠራል። ደንቡም ይህንኑ ይላል። በቅድሚያ የመመለሻ ፈቃድ ካልያዘ በቀር፣ የወጣበት ምክንያት ሰርግም ይሁን ለቅሶ ለውጥ የለውም።

ይህ የመመለሻ ፈቃድ ልጆቻችን «አድቫንስ ፓሮል» የሚሉት ወረቀት ነው። መሠረቱ በዚያው በ1952 ሕግ ላይ ለመንግሥት የተሰጠው፣ ቪዛ የሌለውን ሰው በልዩ ምክንያት የማስገባት ሥልጣን ነው። ሰውየው ከመውጣቱ በፊት አመልክቶ ወረቀቱን በእጁ መያዝ አለበት፤ «ወጥቼ እጠይቃለሁ» አይሠራም። ወረቀቱም ቢሆን የመግባት ዋስትና አይደለም፤ በአውሮፕላን ማረፊያው ያለው መኮንን መርምሮ ይወስናል።

እኛና ይህ ሕግ የተገናኘንበት መንገድ

በ1952ም ሆነ የየአገሩ ኮታ በተሻረበት በ1965 ይህ ነገር የሚነካው ኢትዮጵያዊ በጣት የሚቆጠር ነበር። ከ1974 ለውጥ በኋላ ስደቱ በዛ። አሜሪካ በ1980 የስደተኞችን ሕግ ስታወጣ ወገኖቻችን በሱዳንና በሌሎች ጎረቤት አገሮች በኩል መጓዝ ጀመሩ። በ1991 የመንግሥት ለውጥ ጊዜ ደግሞ ብዙዎች ድንበር ተሻግረው ኬንያ ገቡ። ዋልዳን የሚያስታውሱ፣ በ1992 የተከፈተውን ካኩማን የሚያውቁ ዛሬም በመካከላችን አሉ። በ1990 ሕግ የተቋቋመው የዲቪ ሎተሪም ሌላ በር ከፈተ።

ከእነዚህ መንገዶች በአንዱ የሄዱት ልጆች ዜግነት አግኝተው ለትዳር ሲመለሱ ናይሮቢ መገናኛ ሆነች። በስደት ምክንያት ጥገኝነት ያገኘ ሰው ወደ ሸሸበት አገር መመለስ ስለሚያሰጋው ቤተሰብ ከአዲስ አበባና ከአስመራ እዚህ ድረስ እየመጣ ቀለበት ያሰረባቸውን ቀናት ማን ይረሳል?

ሙሽሮቹ የሚሄዱባቸው መንገዶች በዋናነት ሁለት ናቸው። አንደኛው ተጋብቶ በቆንስላ በኩል ቪዛ መጠበቅ ነው። ይህ ረጅም ይመስላል፤ ነገር ግን ሙሽራይቱ ቪዛዋን ይዛ ስትገባ ያን ጊዜውኑ ቋሚ ነዋሪ ስለምትሆን ለቅሶ ቢደርስባት ሄዳ መመለስ ትችላለች። ሁለተኛው በ1970 ሕግ የተፈጠረው የእጮኛ ቪዛ ነው። በእርሱ የገባ ሰው በ90 ቀን ውስጥ መጋባት አለበት፤ ከዚያ በኋላ ነው ለመኖሪያ ፈቃድ የሚያመለክተው። ስለዚህ የእጮኛ ቪዛ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ በር ነው፤ ከገቡ በኋላ የሚጠበቀው ጊዜ ከውስጥ ነው። ያቺ ልጅ የቀረችው በዚህ ምክንያት ነበር።

በሩ የጠበበባቸው ዓመታት

በ1986 ለወረቀት ብቻ የሚደረግ ጋብቻን ለመከላከል ሌላ ሕግ ወጣ። ትዳሩ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ግሪን ካርድ ያገኘ ሰው የሚሰጠው ካርድ ለሁለት ዓመት የሚያገለግልና ቅድመ ሁኔታ ያለበት ሆነ። ካርዱ ከማለቁ በፊት ባሉት 90 ቀኖች ውስጥ ባልና ሚስት አብረው አመልክተው ቅድመ ሁኔታውን ማስነሣት አለባቸው። በዚህ ጊዜ መጓዝ ይቻላል፤ ካርዱ ቢያልፍበትም ማመልከቻው መድረሱን የሚገልጸው ደብዳቤ ካርዱን ያራዝመዋል። ሆኖም ያለፈበት ካርድና ደብዳቤ ይዛ ጆሞ ኬንያታ አውሮፕላን ማረፊያ የቀረበች አንዲት እኅታችን፣ የትኬት ሠራተኛው ደብዳቤውን ስላላወቀው በረራዋ አምልጧት ሲያስለቅሳት አይቻለሁ።

ከሁሉ የከበደው የ1996 ሕግ ነው። ከሚያዝያ 1997 ጀምሮ ያለ ፈቃድ ከ180 ቀን በላይ የቆየ ሰው ከወጣ ሦስት ዓመት፣ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ ከወጣ ደግሞ አሥር ዓመት እንዳይመለስ ይከለከላል። ቪዛቸው አልፎ ሳለ ከዜጋ ጋር የተጋቡ ሰዎች እዚያው ሆነው ማመልከት ቢችሉም፣ አድቫንስ ፓሮል ይዘው ቢወጡ እንኳ የአሥር ዓመቱ እገዳ ይያዝብናል ብለው ይፈሩ ነበር። ይህን ፍርሃት ያቀለለው በ2012 የኢሚግሬሽን ይግባኝ ሰሚ ቦርድ የሰጠው ውሳኔ ነው። በአድቫንስ ፓሮል ወጥቶ መመለስ ያንን እገዳ እንደማያስከትል ወሰነ።

ከ2011 ጀምሮ የሥራ ፈቃዱና የመመለሻ ፈቃዱ በአንድ ካርድ ላይ መሰጠት በመጀመሩም ብዙዎች ተጠቅመዋል። ኋላ ላይ ግን ሁለቱ ተለያይተው መምጣት ስለጀመሩ ካርዱ ላይ ለጉዞ እንደሚያገለግል መጻፉን ማንበብ ያስፈልጋል። ካልተጻፈ የሥራ ፈቃድ ብቻ ነው።

ወረቀቱ ተሟልቶም ቢሆን ፖለቲካ ሊያግድ እንደሚችል አይተናል። በጥር 2017 ሶማሊያንና ሱዳንን ጨምሮ የሰባት አገሮች ዜጎች በድንገት ሲታገዱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግሪን ካርድ የያዙ ሰዎች ሳይቀሩ በየአውሮፕላን ማረፊያው ተይዘዋል። በ2020 በኤርትራ ዜጎች የስደተኛ ቪዛ ላይ እገዳ ተጣለ፤ በ2021 ተነሣ። በሰኔ 2025 ደግሞ ኤርትራ፣ ሶማሊያና ሱዳን በአዲስ እገዳ ውስጥ ገቡ። ስለዚህ ከዓመት በፊት የሄደ ጎረቤት የነገረንን ይዞ ትኬት መቁረጥ አደጋ አለው። ጉዞ ከመታሰቡ በፊት በኢሚግሬሽን ሕግ የሠለጠነ ጠበቃ ይጠየቅ።

ከታሪኩ የተማርነው

ከዚያ ለቅሶ በኋላ እድራችን አንድ ልማድ ያዘ። ከእኛ መካከል ልጁ ወይም ልጅቷ አሜሪካ በመጠባበቅ ላይ ያለች ሰው በጠና ሲታመም፣ የሐኪም ደብዳቤ በእንግሊዝኛ እናስጽፋለን። ደብዳቤው የታማሚውን ስም፣ የበሽታውን ክብደትና ቀኑን በግልጽ የያዘ፣ የሐኪሙ ፊርማና ማኅተም ያለበት እንዲሆን እንጠነቀቃለን። የዝምድናውን ማስረጃ ጨምረን በዚያው ቀን እንልካለን። ምክንያቱም በአስቸኳይ ሁኔታ ያሉ ሰዎች በአካባቢያቸው ያለውን የኢሚግሬሽን ቢሮ ጠይቀው የመመለሻ ፈቃዱን በቶሎ ሊያገኙ ይችላሉ፤ ለዚህም ማስረጃ ያስፈልጋል። ቀድሞ ሕመሙን ከልጆቹ እንደብቅ ነበር፤ «አይጨነቁ» ብለን። ያ ደግነት ለስንቶቹ የመጨረሻውን መሰነባበት እንዳስቀረ ዛሬ ሳስበው ይቆጨኛል። በዚህ መንገድ አንድ ወንድ ልጅ እናቱ ሳታርፍ ደርሶ እጇን ይዞ አራት ቀን ተቀምጧል።

ፈቃዱ ሳይደርስ የሚቀርበትም ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ለቀሪው ለእኛ የተሰጠን ሥራ ቀላል ነው፤ የቀረውን ልጅ አለመውቀስ። አባቱን እየቀበረ ካለው ሰው ይልቅ ሩቅ አገር በአንድ ክፍል ውስጥ ስልክ ይዞ የሚያለቅሰው ሰው ብቻውን ነው።

የእዚያች ልጅ እናት ዛሬም በመካከላችን አሉ፤ ይህንንም ጽሑፍ እንደሚያነቡት አውቃለሁ። እትዬ፣ በዚያ በሠልስቱ ማታ ስለተናገርኩት ቃል ልጅዎን ይቅርታ ጠይቄአታለሁ፤ እርስዎን ግን እስከ ዛሬ አልጠየቅሁም። በዚህ በዓላችን ይቅር ለእግዚአብሔር ይበሉኝ።