የቀን ቈጠራ ከስሜን ጀንበር እስከ ኮምፒዩተር

ለዳባትና ለደባርቅ ገበሬ ቀን የሚወለደው ከፀሐይ ጋር ነው። ጎሕ ሲቀድ ይነሣል፤ ረፋዱን ያርሳል፤ ጥላው ከእግሩ ሥር ሲሰበሰብ ቀትር መሆኑን ዐውቆ በሬውን ይፈታል። ከንጋት ተነሥቶ 1፣ 2፣ 3 እያለ የሚሄደው የሰዓት አቈጣጠራችንም ከዚሁ ሥራ የተወለደ ነው።

ሊቃውንቱም በበኩላቸው ረቂቅ ስሌት ነበራቸው። በባሕረ ሐሳብ አንድ ዕለት 60 ኬክሮስ ነው፤ አንዱ ኬክሮስ በዛሬው ሰዓት 24 ደቂቃ ይሆናል፤ እርሱም በ60 ካልዒት፣ ካልዒቱም በ60 ሣልሲት እየተከፈለ ይወርዳል። መጽሐፈ ሄኖክ ደግሞ ዕለቱን ለ18 ክፍል መድቦ፣ ቀን እጅግ በሚረዝምበት ወራት 12ቱን ለቀን፣ 6ቱን ለሌሊት ይሰጣል። (በስሜን ሰማይ ሥር ረጅሙ ቀን 13 ሰዓት እንኳ አይሞላምና፣ ይህ ክፍፍል ከሌላ አገር ሰማይ የመጣ መሆን አለበት።) ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. በሊማሊሞ በኩል ወደ ጎንደር ሲዘልቅ የሰማይ መለኪያ መሣሪያውን አሸክሞ ነበር፤ ሲመለስ ግን የሄኖክን 3 ቅጂዎች ይዞ ሄደ።

ኮምፒዩተር ፀሐይን አያውቅም። የዩኒክስ ሥርዓት ጊዜን የሚያሰላው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እ.ኤ.አ. የግሪንዊች እኩለ ሌሊት ወዲህ ያለፈውን ሰከንድ በመደመር ነው፤ አንዱ ዕለት 86,400 ሰከንድ ነው። ያ ዜሮ ለእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ዋለ። ማሽኑ የአገራችንን ሰዓት ለማሳየት በድምሩ ላይ 3 ሰዓት ይጨምራል። ይህ የ45ኛው ኬንትሮስ ሰዓት ነው፤ ደባርቅ የምትገኘው በ38ኛው አጠገብ ስለሆነ ቀትሯ በአማካይ 28 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። በእጃችን ያሰርነው ሰዓትም እንኳ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለስሜን ጀንበር ሙሉ በሙሉ አይታዘዝም።

ስለዚህ ቅሬታዬ በቈጠራው ላይ አይደለም። በአማርኛ በተዘጋጀ መሣሪያ ላይ «7፡00 ጥዋት» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ለመሆኑ የደባርቅ ተማሪ 7 ሰዓትን በየትኛው ጥዋት አይቶ ያውቃል? 7 ሰዓት ምሳ የተበላበት ነው! ቃሉ ተተረጐመ፤ ሰዓቱ ሳይተረጐም ቀረ። 6 ሰዓት መቀነስ ለማሽኑ ከሁሉ የቀለለ ሥራ ሲሆን፣ ሸክሙን ለተማሪውና ለመምህሩ ተወው።

ማሽኑም የራሱ ቀነ ገደብ አለው። በ32 ቢት የተሠሩት ያልታረሙ ቈጣሪዎች በጃንዋሪ 19 ቀን 2038 እ.ኤ.አ. ሞልተው ወደ ታኅሣሥ 1894 ዓ.ም. ይመለሳሉ። በእኛ ቀመር ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ፤ የጥምቀት ዕለት፣ ታቦታቱ ከጥምቀተ ባሕሩ አድረው፣ ጀንበር ከስሜን ተራሮች በላይ ገና ብቅ ሳትል።