አመድና ሆርሞን በግሽ ዓባይ

ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ኢየሱሳዊ ካህን በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስም በ1770 እ.ኤ.አ. ወደ ሰከላ ወጥተው የዓባይን ምንጭ ግሽ ዓባይን ካዩ ወዲህ፣ ስለ ምንጩ የተጻፈው ብዙ ሲሆን፣ በዚያው በምንጩ ግርጌ በጓሮው ጎመንና ሽንኩርት ስለሚያበቅለው ገበሬ የተጻፈው ግን እጅግ ጥቂት ነው። የጻድቁ የአቡነ ዘርዐ ብሩክ ጸበል በሚፈልቅበት በዚህ ምድር አትክልት በበጋ በውኃ ጥም ይጠወልጋል ቢባል ለሰሚው እንቆቅልሽ ይመስላል፤ ምክንያቱ ግን የሚነሣው ከራሱ ከዝናሙ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ግልገል ዓባይን ሞልቶ ወደ ጣና የሚያወርደው ውኃ፣ ከቀዩ አፈር ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን፣ ቦሮኑንም ሳይቀር አጥቦ ስለሚወስድ፣ አፈሩ ኮምጣጣ ይሆናል፤ በኮምጣጣ አፈር የሚሟሟው አሉሚኒየምም የሥሩን ጫፍ ስለሚመርዘው፣ ሥሩ አጥሮ ይቀርና፣ እርጥበት ከታች እያለ ተክሉ ከላይ ይደርቃል።

አባቶቻችን ይህን በኬሚስትሪ ባይተነትኑትም፣ የምድጃውን አመድና የበረቱን ፍግ በጓሮ መድፋትን ልማድ ስላደረጉት፣ ከሩቁ ማሳ ይልቅ የቤቱ ዙሪያ ለምቶ ይታይ ነበር፤ አመድ የአፈሩን ኮምጣጣነት ያበርዳልና፣ ፖታሽም ይሰጣልና። መስኖ ባለበትም የውኃ አባት ተራ እየዳኘ ያጠጣ ነበር።

የዕፀዋት ሊቃውንት በበኩላቸው የቦሮንንና የውኃ ጥምን ነገር የደረሱበት በሌላ መንገድ ነው። ካትሪን ዋሪንግተን በ1923 እ.ኤ.አ. ባቄላ ያለ ቦሮን ሊያድግ እንደማይችል በእንግሊዝ አገር አስመሰከረች፤ በ1960ዎቹም በአሜሪካና በእንግሊዝ የተገኘው አብሲሲክ አሲድ የተባለው ሆርሞን፣ ድርቅ ሲመጣ በተክሉ ውስጥ በዝቶ፣ እንደ ትጉህ በረኛ የቅጠሉን ጥቃቅን ቀዳዳዎች እንደሚዘጋና ውኃው እንዳይተን እንደሚያደርግ ታወቀ። ይሁን እንጂ ቀዳዳው ሲዘጋ ቅጠሉ ምግቡን የሚሠራበት አየርም አብሮ ስለሚከለከል፣ ሆርሞን መርጨት ጥቂት ቀን ያስታግሣል እንጂ ያጠረውን ሥር አያረዝምም፤ በእኔ አስተያየት ለሰከላ ጓሮ መቅደም ያለበት የአፈሩ ፈውስ ነው።

በአገራችን ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተካሄደው የአፈር ካርታ ሥራ፣ ከናይትሮጅንና ከፎስፎረስ ሌላ ድኝ፣ ዚንክና ቦሮን በብዙ ወረዳ መጉደላቸው ስለተረጋገጠ፣ እነዚህን የቀላቀለ ማዳበሪያ ለገበሬው ይታደል ጀመር። ለኮምጣጣው አፈር ግን ኖራ ያስፈልጋል፤ የኖራው ድንጋይ ያለው በዓባይ ሸለቆ በደጀን በኩል ሲሆን፣ ለአንድ ሄክታር የሚያስፈልገው በቶን የሚቆጠር ስለሆነ፣ ከድንጋዩ ዋጋ ይልቅ ዳገቱን ሽቅብ የማጓጓዙ ኪራይ ይከብዳል።