ሪሎዲንግ፦ የቀለሃ ዳግም ሙሌት

ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው ገጠር ስለ ጠመንጃ ለማውራት ቃል አይቸግርም። አልቢን፣ ምንሽር፣ በልጅግ፣ ክላሽ ተብሎ በየዘመኑ ይለያል። አፈሙዝ፣ ሰደፍ፣ ቃታ፣ ዝናር፣ ባሩድ፣ አረር፣ ቀለሃ ሁሉም የቤት ቃል ናቸው። የተተኮሰበትን ባዶ ቀለሃ አንስቶ፣ ያለቀውን ተክቶ እንደገና ለመተኮስ የማብቃቱ ሥራ ግን በፈረንጅ ስሙ ብቻ ነው የሚጠራው፤ ሪሎዲንግ።

«ማጉረስ» እንዳንለው፣ ጥይት ማጉረስ ጠመንጃው ውስጥ መክተት ነው። «ጥይት መሥራት» ደግሞ ከልክ ያለፈ ማዕረግ ይሰጠዋል፤ ሠሪው ባሩዱንም መቀጣጠያውንም ከፋብሪካ ገዝቶ ነው የሚገጣጥመው። ስለዚህ «የቀለሃ ዳግም ሙሌት» ብለነዋል። ሙሌት የሚለውን ቃል የሕዳሴው ግድብ ለጆሯችን አለማምዶታል፤ ቀለሃም ስሙ ውስጥ መግባት ያለበት ከአንዱ ተኩስ ወደ ሌላው የሚሻገረው እሱ ብቻ ስለሆነ ነው።

ሥራው በብዛት ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ በሾትጋን (የእርሳስ ፍሬ የሚበትን ጠመንጃ) ተኳሾች ዘንድ ነው። በአሜሪካ ከሸክላ መሰል ቁስ የተሠራ ሰሃን ወደ ሰማይ እየተወነጨፈ የሚተኮስበት ስፖርት አለ፤ አንዱ ዙር 25 ሰሃን ነው። በአንድ ቅዳሜ አራት ዙር የተኮሰ ሰው 100 ጥይት አቃጠለ ማለት ነው። ቀለሃውን ለቅሞ ቤቱ የሚሞላው ወጪውን ለመቀነስ ነው፤ ወይም እንደሚነገረው ለመቀነስ፤ ብዙዎቹ የቆጠቡትን መልሰው ይተኩሱታል።

የሾትጋን ጥይት አምስት ነገር ነው። ከታች የብረት መቀመጫ ያለው፣ ከላይ ፕላስቲክ የሆነ ቀለሃ፤ ድሮ ወረቀት ነበር፣ ፕላስቲኩ የተስፋፋው ከ1960ዎቹ ወዲህ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። መቀመጫው መሃል መርፌ ሲመታው እሳት የሚሰጥ ትንሽ ቆብ፣ ፕራይመር። ከዚያ ባሩድ። ከባሩዱ በላይ ውታፍ፤ ጋዙ ወደ ፊት እንዳያመልጥ ይደፍናል፣ እርሳሱንም ይገፋል። በመጨረሻ የእርሳስ ፍሬዎች። የቀለሃው አፍ ስድስት ወይም ስምንት እጥፋት ሆኖ ይዘጋል። «ቁጥር 12» የሚባለው የአፈሙዝ ስፋትም ከሚሊ ሜትር የመጣ አይደለም፤ አንድ ፓውንድ እርሳስ ለ12 እኩል ድቡልቡል ቢከፈል አንዱ ድቡልቡል ልክ የሚገባበት ስፋት ነው፣ ወደ 18.5 ሚሊ ሜትር ገደማ።

መሙያው ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር ባለ ማንሻ መሣሪያ ነው። ማንሻው ሲወርድ የተቃጠለው ፕራይመር ይወጣል፣ ያበጠው መቀመጫ ወደ ልኩ ይመለሳል፤ ከዚያ አዲስ ፕራይመር፣ ባሩድ፣ ውታፍ፣ ፍሬ፣ እጥፋት። ጀማሪ ግን ከመሣሪያው በፊት የሚያስፈልገው ባሩድ አምራቹ ያሳተመው ሰንጠረዥና ሚዛን ነው። ሰንጠረዡ የሚያዘው ቀለሃን፣ ፕራይመርን፣ ባሩድን፣ ውታፍንና የፍሬውን ክብደት አንድ ላይ ነው። አንዱን «ተመሳሳይ ነው» ብሎ በሌላ የለወጠ ግፊቱን ለውጧል፤ ፍሬው ሳይነካ ውታፍ ብቻ ቢቀየር እንኳ።

አደጋው የት እንዳለ የሚያሳየው የባሩድ ታሪክ ነው። አያቶቻችን የሚያውቁት ባሩድ ከፖታሲየም ናይትሬት፣ ከድኝና ከከሰል የሚቀመም ጥቁር ባሩድ ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሀገር ውስጥ ይሠራ ነበር። በቀንድ ተይዞ፣ በዓይን ተገምቶ ይሰፈር ነበር፤ ያስኬድም ነበር። በ1884 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ፈረንሳዊው ፖል ቪዬይ ጭስ አልባውን ባሩድ ካወጣ ወዲህ ግን ነገሩ እንጂ ስሙ አልተለወጠም ማለት አይቻልም፤ ስሙ ሳይለወጥ ነገሩ ተለውጧል። በጥቁሩ መስፈሪያ ጭስ አልባውን የሰፈረ ሰው ጠመንጃው እጁ ላይ ሊፈነዳበት ይችላል። አማርኛችን ሁለቱንም «ባሩድ» ብሎ መጥራቱ እዚህ ላይ ያስፈራኛል።

ሙሌትን እዚህ ለሚያስብ ሌላው እንቅፋት የሀገሩ መሣሪያ ነው። በምዕራብ ጎጃም ገጠር ሾትጋን ከመታየቱ ክላሽ ይታያል፤ ከክላሽ የሚወድቀው ቀለሃ ደግሞ በአብዛኛው ለሙሌት አይመችም። ብረት በመሆኑ እንደ ናስ ወደ ልኩ አይመለስም፤ ከፕራይመሩ ሥርም በርዳን የሚባለው አሠራር ነው ያለው፤ መሃል ላይ አንድ ቀዳዳ ሳይሆን ወደ ጎን ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉት። ስለዚህ ፕራይመሩን ገፍቶ ማውጫው መርፌ መግቢያ ያጣል። ባለ አንድ ቀዳዳው ቦክሰር ይባላል። የሚገርመው ፈጣሪዎቹ፣ በርዳን አሜሪካዊ፣ ቦክሰር እንግሊዛዊ ነበሩ፤ ዛሬ አሜሪካ የሚሞላው የቦክሰርን ነው፣ የበርዳን ደግሞ በአብዛኛው ከአሜሪካ ውጭ ቀረ።

በአርበኝነቱ ዘመን የጥይት እጦት ምን ያህል እንደሚያስቸግር ጎጃም በደንብ ያውቀዋል። የጣሊያኑ ካርካኖ ጠመንጃ 6.5 ሚሊ ሜትር፣ በልጅግ ደግሞ 7.92 ነበር፤ ከጠላት የተማረከ ጥይት ለበልጅግ አይሆንም። ፕራይመር በሌለበት ዱር ቀለሃ መሙላት ከባድ ነበርና ዋናው መንገድ ጠመንጃውን ከነጥይቱ መማረክ ነበር። በየካቲት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ በእንግሊዝ መኮንኖች የተመራው የጌዴዎን ጦርና አርበኞች ቡሬ ላይ ጣሊያንን ሲያስለቅቁም ትጥቁ እንዲሁ የተቀላቀለ ነበር።

ዛሬ ሕጉ ግልጽ ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያና ጥይት ማምረትን ይከለክላል፤ ሙሌት ከማምረት ውጭ ነው ብሎ ፍርድ ቤት የሚቆም ሰው ጥሩ ጠበቃ ያስፈልገዋል። ለቆቅና ለጅግራ አደንም ቢሆን ፈቃዱን የሚሰጠው የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። በአሜሪካ ግን ለራሱ የሚሞላ ሰው የፌደራል ፈቃድ አይጠየቅም፤ ለሽያጭ ከሆነ ይጠየቃል። ስለዚህ ቃሉ ቀድሞ የሚጠቅመው እዚያ ለሚኖረው የጎጃም ልጅ ነው፦ ቀለሃ፣ ባሩድ፣ ውታፍ፣ ፍሬ። ፕራይመርን እንዳለ ትቼዋለሁ፤ «ቆብ» ብለው ከጠርሙስ ቆብ ጋር የሚያምታታው አይጠፋም።