ኒሽ፦ የኑሮ ድርሻ

ጥያ፣ ሰይፍ ከተቀረጸባቸው ትክል ድንጋዮች አጠገብ፣ ዝናብ ሲቃረብ የውሃ ተርብ ሜዳው ላይ ይመላለሳል። ሲመሽ ያው ሜዳ የሸለምጥማጥ ነው። ሁለቱም ሥጋ በል ናቸው። ታዲያ እንዴት አንዱ የሌላውን እንጀራ አይዘጋም? መልሱ የሥነ ምህዳር ባለሙያዎች «ኒሽ» በሚሉት ቃል ውስጥ አለ።

ቃሉ በፈረንሳይኛ ሐውልት እንዲቆምበት ግድግዳ ውስጥ የሚቦረቦር ስፍራ ነው። ስለዚህ «ቦታ» ብሎ መተርጎም ይቀላል፤ ግን ያሳስታል። እንግሊዛዊው ቻርልስ ኤልተን እ.ኤ.አ. በ1927 ባሳተመው መጽሐፍ ኒሽ ያለው እንስሳው ከምግቡና ከጠላቶቹ ጋር ያለውን ግንኙነት ነው። መኖሪያ ሰፈር ከሆነ፣ ኒሽ ሙያ ነው። እኔ «የኑሮ ድርሻ» እለዋለሁ። «ድርሻህን ውሰድ» እንላለን፤ «ድርሻህን ተወጣ»ም እንላለን። የሚበላውንም የሚሠራውንም በአንድ ቃል የያዘ ቋንቋ እያለን ሌላ ፍለጋ መዞር የለብንም።

ሸለምጥማጥ ጅራቱ ቀለበት ቀለበት፣ ገላው ነጠብጣብ ነው፤ ጥፍሩን እንደ ድመት ይሰበስባል። አይጥ፣ ወፍ፣ እንሽላሊት ይበላል፤ ሲቀናው ዶሮም። በታነቀችው ዶሮ እንረግመዋለን፤ ከጎተራ ሥር የለቀማቸውን አይጦች ግን ማን ቆጠረለት?

የውሃ ተርቡ ነገር ደግሞ ይረቃል። ፓንታላ ፍላቬሴንስ የሚባለው ዝርያ ዝናብን ተከትሎ ይጓዛል፤ የህንድ ውቅያኖስን ሳይቀር ያቋርጣል። እሾሃማ እግሮቹን እንደ ቅርጫት አጥፎ ትንኝን ከአየር ላይ ይቀልባል። እንቁላሉን የሚጥለው ዝናብ ባቆረው ኩሬ ነው። እጩ ክንፍ የለውም፤ ታጥፎ የተቀመጠ የታችኛ ከንፈሩን ድንገት ወደ ፊት ወርውሮ የወባ ትንኝ እጭ ይይዛል። ሲደርስ ሣር ላይ ይወጣል፣ ጀርባው ይሰነጠቃል፣ ክንፍ ያለው የውሃ ተርብ ከውስጡ ይወጣል። አንድ ነፍስ፣ ሁለት የኑሮ ድርሻ፤ መጀመሪያ የውሃ፣ ኋላ የአየር። የሸለምጥማጥ ግልገል ግን ጡት ከጣለ በኋላ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ የእናቱን ሙያ ይዞ ይኖራል።

ለዚህ ነው የክረምት ኩሬ ሲደፈን የውሃው ድርሻ ብቻ የማይቀረው፤ በመስከረም ሜዳው ላይ ሊበርር የነበረውም አብሮ ይቀራል።