ሁለት ባላ የተከለ ቡድን እና ሦስተኛው ሰው

የፊታችን እሁድ፣ ህዳር 28 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ አቡዳቢ በሚገኘው ያስ ማሪና የዘንድሮው የፎርሙላ ዋን የመጨረሻ ውድድር ይጀመራል። እስካሁን 23 ውድድሮች ተካሂደዋል፤ ሻምፒዮኑ ግን አልታወቀም። እንግሊዛዊው ላንዶ ኖሪስ 408፣ ሆላንዳዊው ማክስ ቬርስታፐን 396፣ አውስትራሊያዊው ኦስካር ፒያስትሪ 392 ነጥብ ይዘዋል። አንደኛ የወጣ 25 ነጥብ ስለሚያገኝ ሦስቱም ዋንጫውን የማንሳት ዕድል አላቸው። ሦስቱም በዓመቱ ያሸነፉት እኩል ነው፤ እያንዳንዳቸው 7 ጊዜ።

ሽንዲም ሆነ ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም እሁድ ከሰዓት ብትሄዱ፣ ሰው የሚከራከረው ስለ አርሰናልና ስለ ማንቸስተር ነው። የመኪና ውድድር የሚከታተለው ጥቂት ነው። ይህን የምጽፈው ግን ለጥቂቶቹ ብቻ አይደለም። የእሁዱ ውድድር ከፍጥነት ያለፈ ጥያቄ አለው። በአንድ ቤት ውስጥ እኩል የጎበዙ ሁለት ልጆች አሉ፤ ከውጭ ደግሞ ሦስተኛ ተፎካካሪ መጥቷል። አባት ምን ያድርግ? አንዱን ይምረጥ ወይስ ሁለቱን እኩል ይያዝ? ታሪክ ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ ብዙ ሰው ከሚያስበው የተለየ ነው።

(ከዚህ በታች ለመኪና ውድድሮቹ የምጠቅሳቸው ዓመቶች እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ ለአዲስ አንባቢ፦ በፎርሙላ ዋን እያንዳንዱ ቡድን ሁለት መኪናና ሁለት አሽከርካሪ ያሰልፋል። ሁለት ዋንጫ አለ፤ አንዱ የቡድኖች፣ ሌላው የአሽከርካሪዎች። ለቡድኑ ዋንጫ የሁለቱ ነጥብ ይደመራል፤ ለአሽከርካሪው ዋንጫ ግን ሁለቱ ባልደረቦች ባላንጣ ናቸው። በአንድ ቀንበር የተጠመዱ፣ እርስ በርስም የሚፎካከሩ በሬዎች በሏቸው። ኖሪስና ፒያስትሪ የአንድ ቡድን፣ የማክላረን፣ ልጆች ናቸው። ቬርስታፐን የሬድ ቡል ነው።

አገራችን «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ትላለች። ማክላረን የተመራው በዚሁ ምክር ነው። ሁለቱንም እኩል መኪና ሰጥቶ፣ ቁጥር አንድ የሚባል ሳይመርጥ ለቀቃቸው። የቡድኑን ዋንጫ ገና ሲንጋፖር ላይ፣ ስድስት ውድድር ሲቀር አረጋገጠ። ምክሩ እስከዚያ ድረስ ሠርቷል።

ችግሩ የመጣው ከሦስተኛው ሰው ነው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከሆላንዱ ውድድር በኋላ ቬርስታፐን ከመሪው ከፒያስትሪ በ104 ነጥብ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። ማንም አልቆጠረውም። ከዚያ ወዲህ በሞንዛ፣ በባኩ፣ በኦስቲን፣ በላስ ቬጋስና በኳታር አሸነፈ። ላስ ቬጋስ ላይ ደግሞ የሁለቱም ማክላረኖች ሆድ ሥር ያለው ሳንቃ ሲለካ ከተፈቀደው 9 ሚሊ ሜትር ሳስቶ ተገኘ። ኖሪስ ሁለተኛ፣ ፒያስትሪ አራተኛ ሆነው ያገኙት ነጥብ ሁሉ ተሰረዘ። በአንድ ሌሊት ሁለቱም ባላ ተነቀነቀ።

ባለፈው እሁድ ኳታር ላይ የሆነው የባሰ ነው። በ7ኛው ዙር አደጋ ደርሶ የደህንነት መኪናው ወጣ። በዚያ ውድድር በአንድ ጎማ ከ25 ዙር በላይ መሄድ ክልክል ነበር፤ ውድድሩ 57 ዙር ነው። ስለዚህ ያኔ ጎማ የቀየረ ብዙም ጊዜ አይከስርም፣ ለቀሪው 50 ዙርም አንድ ተጨማሪ ቅያሬ ይበቃዋል። ቬርስታፐንና ሌሎቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ገቡ። ማክላረን ግን ሁለቱንም ሜዳ ላይ አቆያቸው። ቡድኑ ሌሎቹ ሁሉ ይገባሉ ብሎ አልጠበቀም ነበር። ሁለቱን በአንድ ዙር ማስገባትም አንዱን ከሌላው ጀርባ አቁሞ ማስጠበቅ ነው። ቬርስታፐን አሸነፈ፤ ፒያስትሪ ሁለተኛ፣ ኖሪስ አራተኛ ወጡ። ቡድኑ ራሱ ስህተቱን አምኗል።

አሁን ወደ ኋላ እንመለስ። ሦስት ሰው ተፋጥጦ የተጠናቀቀባቸው ሦስት ዓመቶች ለእሁዱ ብዙ ይናገራሉ።

የመጀመሪያው 1986 ነው። የዊሊያምስ ቡድን ሁለት ኃይለኛ አሽከርካሪዎች ነበሩት፤ እንግሊዛዊው ናይጄል ማንሰልና ብራዚላዊው ኔልሰን ፒኬ። በዓመቱ ከነበሩት 16 ውድድሮች 9ኙን ሁለቱ ተካፈሏቸው። አንደኛው የወሰደው ድል ሁሉ ግን ከሌላኛው የተነሳ ነጥብ ነበር። በዚያ መሃል የማክላረኑ አለን ፕሮስት፣ ደከም ባለች መኪና፣ ትንሽ ትንሽ እየለቀመ ተከተላቸው። የመጨረሻው ውድድር አደላይድ፣ አውስትራሊያ ነበር። ማንሰል ሦስተኛ ከወጣ ይበቃዋል፤ ልክ እንደ ኖሪስ።

ውድድሩ መሃል ላይ የፕሮስት ጎማ ተነፈሰና ገብቶ ቀየረ። የጎማው ድርጅት ባለሙያዎች የወጣውን ጎማ አይተው ብዙም አለመበላቱን ገመቱ፤ ሌሎቹም ሳይቀይሩ መጨረስ ይችላሉ ተባለ። ከ82 ዙር 64ኛው ላይ፣ ማንሰል በሙሉ ፍጥነት ቀጥ ባለው መንገድ ሲበር፣ የኋላ ጎማው ፈነዳ። ዊሊያምስ ደንግጦ መሪውን ፒኬን ለጥንቃቄ አስገብቶ ጎማ ቀየረለት። ፒኬ ከፕሮስት በ4 ሰከንድ ያህል ተቀድሞ ሁለተኛ ወጣ። ፕሮስት ሻምፒዮን ሆነ። ያዳነው ያቺ ቀድማ የተነፈሰችው ጎማ ናት፤ ሳይወድ በግድ አዲስ ጎማ አስገብታለታለች።

ሁለተኛው 2007 ነው። ዕጣው ለራሱ ለማክላረን ደረሰ። አዲስ የመጣው ወጣት ሉዊስ ሃሚልተንና የሁለት ጊዜ ሻምፒዮኑ ፈርናንዶ አሎንሶ በአንድ ጣሪያ ሥር እስከ መኮራረፍ ደረሱ። ሁለት ውድድር ሲቀር ሃሚልተን ከአሎንሶ በ12፣ ከፌራሪው ኪሚ ራይኮነን በ17 ነጥብ ይበልጥ ነበር፤ ያኔ አንደኛ የሚያገኘው 10 ነጥብ ብቻ ነው። ቻይና ላይ የሃሚልተን ጎማ ተልጦ እያለ ቡድኑ አስገብቶ ከመቀየር ዘገየ። በመጨረሻ ሲገባ፣ ወደ ጎማ መቀየሪያው በሚወስደው መታጠፊያ ተንሸራትቶ ጠጠር ውስጥ ተቀረቀረ። የቡድኑ አለቃ ሮን ዴኒስ በኋላ እንዳመኑት፣ ዓይናቸው ከራይኮነን ይልቅ አሎንሶ ላይ ነበር። ያን ቀን ያሸነፈው ራይኮነን ነው። ብራዚል ላይም ደገመው። የመጨረሻው ነጥብ ራይኮነን 110፣ ሃሚልተን 109፣ አሎንሶ 109 ሆነ።

ሦስተኛው 2010 ነው፤ እዚያው አቡዳቢ፣ እዚያው ያስ ማሪና። የፌራሪው አሎንሶ 246፣ የሬድ ቡሎቹ ማርክ ዌበር 238 እና ሰባስቲያን ፌትል 231 ይዘው ገቡ። ሃሚልተንም በ222 በስሌት ደረጃ ዕድል ነበረው። አሎንሶ ሁለተኛ ቢወጣ ማንም አይደርስበትም። ዌበር ቀደም ብሎ ጎማ ሊቀይር ሲገባ ፌራሪ እንዳይቀደም ብሎ አሎንሶን አስከትሎ አስገባ። አሎንሶ የወጣው ከሩሲያዊው ቪታሊ ፔትሮቭ ጀርባ ነበር። ያስ ማሪና መቅደም አስቸጋሪ መንገድ ነው፤ አሎንሶ ውድድሩ እስኪያልቅ የፔትሮቭን ጀርባ ሲያይ ዋለና ሰባተኛ ወጣ። ፌራሪ ዌበርን ሲጠብቅ ፌትል ከፊት ሆኖ አሸነፈ። ፌትል በዚያ ዓመት ነጥቡን የመራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከመጨረሻው ውድድር በኋላ።

ያ ዌበር ዛሬ የፒያስትሪ ወኪል ነው። እሁድ ማንን እንደሚያስታውስ መገመት አይከብድም።

እነዚህን ሦስት ታሪኮች አንስቶ «አየህ፣ አንዱን አለመምረጥ ያስቀጣል» የሚል ብዙ ነው። እኔ አልስማማም። የ2010ሩ ፌራሪ መርጦ ነበር። በዚያው ዓመት ጀርመን ላይ ፌሊፔ ማሳ ለአሎንሶ ቦታ እንዲለቅ ተደርጎ ቡድኑ 100,000 ዶላር ተቀጥቷል። ቢመርጥም ተሸነፈ። በሌላ በኩል መርሴዲስ በ2014 እና በ2016 ሃሚልተንንና ኒኮ ሮዝበርግን እስከ መጨረሻው ውድድር እኩል አፋለማቸው፤ ዋንጫው ግን ከቤት አልወጣም፤ ምክንያቱም ከውጭ የደረሰባቸው ሦስተኛ ሰው አልነበረም። ሦስቱን ተሸናፊዎች አንድ የሚያደርጋቸው ሌላ ነገር ነው። ዊሊያምስ የሌላ ሰው ጎማ አይቶ ስለ ራሱ ጎማ ወሰነ። ማክላረን የራሱን ቤት ጠብ ሲጠብቅ በሩን ረሳ። ፌራሪ ከሁለት ባላንጣ ለእሱ የቀረበውን ብቻ ቆጠረ። ሦስቱም የተሸነፉት ዓይናቸው የተሳሳተ ሰው ላይ ስለነበር ነው።

ይህን ጉዳይ እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም በላይ የምናውቀው ይመስለኛል። ነሐሴ 14 ቀን 1996 ዓ.ም. አቴንስ ላይ የተሮጠውን 10,000 ሜትር አስታውሱ። ኃይሌ ገብረሥላሴ በአትላንታና በሲድኒ ያሸነፈ ጀግና ነው፤ ግን በጉዳት ላይ ነበር። ሲንጠባጠብ ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስህን ወደ ኋላ ዞረው አዩት፤ ረገብ አድርገውም ጠበቁት። ሊደርስ እንደማይችል ሲገባቸው ሄዱ። ቀነኒሳ ወርቅ፣ ስለሺ ብር፣ ኃይሌ አምስተኛ። ያን ምሽት ብዙ ሰው አልቅሷል፤ ማንም ግን ቀነኒሳን ከዳተኛ አላለውም። ለምን? ጠብቀውታል፤ የጠበቁትም ለመጠበቅ የሚበቃ ጉልበት ስለተረፋቸው ነው። ቀነኒሳ የመጨረሻውን ዙር በ53 ሰከንድ ገደማ ነው የሮጠው። የሚሄዱበት ሰዓት ሲደርስም አላመነቱም።

ለእኔ ትምህርቱ እዚህ ላይ ነው። ለባልደረባ ፍትሐዊ መሆን ትርፍ ጉልበት ይጠይቃል። ትርፉ እያለ ሁለቱንም መልቀቅ ደግ ነው፤ ትርፉ ሲያልቅ ደግሞ ማን ለማን፣ መቼ እንደሚለቅ አስቀድሞ፣ ፊት ለፊት መነጋገር ያስፈልጋል። የከፋው ሦስተኛው መንገድ ነው፤ ሳይወስኑ ጊዜው እንዲወስን መተው።

የእሁዱን ስሌት በዚህ ዓይን እንየው። ኖሪስ ከአንድ እስከ ሦስት ከወጣ ሌሎቹ የፈለጉትን ቢያደርጉ ሻምፒዮን ነው። ቬርስታፐን አሸንፎ ኖሪስ አራተኛ ከወጣ ግን 421 ለ420፣ ዋንጫው ለአምስተኛ ተከታታይ ዓመት የቬርስታፐን ይሆናል። ፒያስትሪ ሻምፒዮን የሚሆነው እሱ አሸንፎ ኖሪስ ስድስተኛ ወይም ከዚያ በታች ሲወጣ ነው።

እንግዲህ ቬርስታፐን አንደኛ፣ ፒያስትሪ ሦስተኛ፣ ኖሪስ አራተኛ ሆነው ጥቂት ዙር ቢቀር ማክላረን ምን ይላል? ፒያስትሪ እዚያ ቦታ ላይ ሆኖ 407 ነው የሚኖረው፤ ዋንጫው ከእጁ ወጥቷል። ያኔ «ልቀቅለት» ማለት በደል አይደለም። በደል የሚመስለኝ ጳጉሜን ላይ ሞንዛ የሆነው ነው። የኖሪስ ጎማ ቅያሬ በቡድኑ ስህተት ስለዘገየ፣ ነጥቡን ይመራ የነበረው ፒያስትሪ ሁለተኛ ቦታውን እንዲመልስ ተጠየቀ፤ መለሰም። ከአንዱ 3 ነጥብ ተነሳ፣ ለሌላው 3 ተጨመረ። ዛሬ በመካከላቸው ያለው 16 ነጥብ ያለዚያ ትእዛዝ 10 ይሆን ነበር። ዕድሉ ገና ያልሞተውን ሰው ለቀቅ አድርግ ማለትና ዕድሉ ያለቀበትን ሰው ለቤቱ አግዝ ማለት አንድ አይደሉም።

ስለዚህ ማክላረንን ብሆን ከውድድሩ በፊት ሁለቱን አስቀምጬ ሁለት ነገር እነግራቸው ነበር። ኦስካር፣ የማሸነፍ ዕድል እስካለህ ድረስ ማንም አያስቆምህም። ዕድሉ ካለቀ ደግሞ ላንዶን ታግዛለህ፤ ነገሩ ቢገለበጥ እሱም ላንተ ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ሁሉም ዓይን ሬድ ቡል ላይ ይሁን።

የኔን ግምት ለጠየቀ፣ 12 ነጥብ ቀላል አይደለም፤ ኖሪስ ይወስዳል ብዬ አስባለሁ። ግን ማንሰልም ሦስተኛ መውጣት ብቻ ነበር የቀረው። አቡዳቢ ላይም በ2021 የደህንነት መኪና ዘግይታ ወጥታ፣ ዋንጫው በመጨረሻው ዙር ከሃሚልተን እጅ ወደ ቬርስታፐን ሲሄድ አይተናል።

ሁለት ባላ መትከል ብልህነት ነው። ምሳሌው ግን አንዱ ሲሰበር በሌላው ተንጠልጠል ይላል እንጂ፣ በሁለቱ መካከል ቆመህ የትኛው እንደሚሰበር ጠብቅ አይልም።

መልካም እሁድ።