የወሊድ ፊስቱላ

የወሊድ ፊስቱላ ምጥ ከልክ በላይ ሲራዘም በሴት ብልትና በሽንት ፊኛ መካከል፣ አንዳንዴም በብልትና በፊንጢጣ መካከል የሚፈጠር ቀዳዳ ነው። ሽንት ወይም ዓይነ ምድር ሴቲቱ ሳትፈልግ ሌት ተቀን ይፈሳል። ጉዳቱን መከላከል ይቻላል፤ ከደረሰም በኋላ በአብዛኛው በቀዶ ሕክምና ይድናል። ስለ ፊስቱላ ዛሬ የሚታወቀው ከቀዶ ሕክምና ክፍል ብቻ የተገኘ አይደለም። ሕመሙን በገላቸው ያዩት ሴቶች የተናገሩት የዕውቀቱ ግማሽ አካል ነው።

አፈጣጠሩ

የሕፃኑ ጭንቅላት በእናቱ ዳሌ አጥንት በኩል ማለፍ ሲያቅተው ምጡ ይታገዳል። ሰዓቱ በገፋ ቁጥር ጭንቅላቱ ፊኛውንና ብልቱን ከአጥንቱ ጋር አጣብቆ ይይዛቸዋል፤ ደምም ወደ ሥጋው መድረሱን ያቆማል። ደም ያጣው ሥጋ ይሞትና ከወሊዱ በኋላ ባሉት ቀናት ተልጦ ሲወድቅ ቀዳዳው ይከፈታል። ብዙ ሴቶች ሽንቱ መፍሰስ የጀመረው በወለዱበት ዕለት ሳይሆን ከቀናት በኋላ ነው የሚሉት ለዚህ ነው። ሕፃኑ አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ይወለዳል። ያው ግፊት ነርቭ ሲጎዳ ደግሞ እናትየው እግሯን እየጎተተች ለመሄድ ትገደዳለች።

ጉዳቱ እርግማን ወይም የኃጢአት ቅጣት ተደርጎ የተቆጠረባቸው አካባቢዎች ብዙ ናቸው። መንስኤው ግን በጊዜው ያልደረሰ የሕክምና እርዳታ ነው።

ታሪክ

ፊስቱላ ጥንታዊ ነው። ከክርስቶስ ልደት 2,000 ዓመት ገደማ በፊት በግብፅ የኖረችው የሄንሄኒት አስከሬን ላይ የጉዳቱ ምልክት ተገኝቷል። በአሜሪካ ሐኪሙ ጄ. ማሪዮን ሲምስ ከ1845 እስከ 1849 እ.ኤ.አ. በአላባማ ግዛት በባርነት በተያዙ ሴቶች ላይ ያለ ማደንዘዣ ደጋግሞ ቀዶ ሕክምና አድርጎ ቀዳዳውን በብር ክር መዝጋት ቻለ። አናርካ፣ ቤትሲና ሉሲ ስማቸው ከታወቀው መካከል ናቸው፤ አናርካ 30 ጊዜ ያህል ቀዶ ሕክምና ተደርጎባታል። እምቢ የማለት መብት አልነበራቸውም። የሲምስ ሐውልት በ2018 እ.ኤ.አ. ከኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ተነሥቷል።

በኢትዮጵያ

የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞቹ ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ሬጂናልድ ሃምሊን በ1959 እ.ኤ.አ. ከአውስትራሊያ መጥተው በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ። በ1974 እ.ኤ.አ. የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን መሠረቱ። በኋላ በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ተጨማሪ ማዕከላት ተከፈቱ። በእነዚህ ተቋማት ከ60,000 በላይ ሴቶች በነፃ ታክመዋል።

ከታካሚዎቹ አንዷ ወ/ሮ ማሚቱ ጋሼ ናቸው። በልጅነታቸው ፊስቱላ ደርሶባቸው በ1960ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ለሕክምና አዲስ አበባ ገቡ። አልጋ በማንጠፍና ሕመምተኞችን በመርዳት ጀምረው፣ በቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ አጠገብ ቆመው እያዩ ተምረው ራሳቸው የፊስቱላ ቀዶ ሐኪም ሆኑ፤ ሌሎች ሐኪሞችንም አስተማሩ። በ1989 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ሮያል የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ የወርቅ ሜዳሊያ ከሃምሊን ባልና ሚስት ጋር ተሸልመዋል። ትምህርት ቤት ያልገባች የገጠር ልጅ የሕመሟ ሐኪም መሆኗ የታካሚ ልምድ ለሕክምና ምን ያህል እንደሚጠቅም ያስመሰከረ ታላቅ ታሪክ ነው።

ሕክምናና የታካሚ ድምፅ

ፊስቱላ ያለባት ሴት ልብሷ እንዳይርስ ስትል ውሃ መጠጣት ትቀንሳለች። ሐሳቡ የሚገባ ቢሆንም ውጤቱ ግን በተቃራኒው ነው። ሽንቱ ሲጠነክር ጠረኑ ይብሳል፣ ጭኗን ያቆስላል፣ ለፊኛ ጠጠርም ያጋልጣታል። ይህን ልማድ የሚያውቁ ነርሶች ታካሚዋ ውሃ በብዛት እንድትጠጣ ደጋግመው ይመክራሉ።

በቀዶ ሕክምናው የቀዳዳው ጠርዝ ከዙሪያው ሥጋ ተለይቶ ይሰፋል፤ ከዚያም ስፌቱ እስኪጠግግ ሽንቱ ለቀናት በቱቦ ይወርዳል። ለሐኪሙ ቀዳዳው መዘጋቱ ስኬት ነው። ነገር ግን ቀዳዳቸው ተዘግቶም ሽንት የሚያመልጣቸው ሴቶች አሉ፤ ሽንት የሚይዘው ጡንቻም አብሮ ተጎድቷልና። ለእነሱ መዳን ማለት ደርቆ ማደር፣ ከጎረቤት ጋር ቡና መጠጣት፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ሳይሳቀቁ መሄድ ነው። ስለዚህ ዛሬ የሕክምናው ውጤት ሲመዘን ሴቲቱ መድረቋም ይጠየቃል፤ የጡንቻ ማጠንከሪያ እንቅስቃሴና የሥነ ልቦና ምክርም የሕክምናው አካል ሆነዋል።

መከላከል

ፊስቱላ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ሊጠፋ የበቃው የታገደ ምጥ በጊዜ በቀዶ ሕክምና መገላገል ሲጀምር ነው። በኢትዮጵያ ዋናዎቹ መንገዶች የሠለጠኑ አዋላጆች፣ አምቡላንስ፣ ከጤና ተቋም ርቀው የሚኖሩ እናቶች ከመውለጃቸው በፊት የሚያርፉባቸው የእናቶች ማቆያ ቤቶችና ያለዕድሜ ጋብቻን ማስቀረት ናቸው። የሃምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ በ2007 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ለዚሁ ነው። ከወለደች በኋላ ሽንት አልቆም ያላት ሴት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወደ ጤና ተቋም ከደረሰች ትንሽ ቀዳዳ ያለ ቀዶ ሕክምና፣ በሽንት ቱቦ ብቻ ሊገጥም ይችላል። ዓመታት የቆየ ፊስቱላም ቢሆን ይታከማል፤ ስለዚህ የዘገየች ሴት ተስፋ የምትቆርጥበት ምክንያት የለም። ፊስቱላ ደርሶባት የዳነች ሴት ደግሞ ቀጣይ ልጇን በሆስፒታል፣ በቀዶ ሕክምና እንድትገላገል ይመከራል።